ፔንትሃውስ ስትገዙ ከጣሪያው ጀምሩ

አያት፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፤ በአዲስ አበባ ዳር ዳር የሚነሱ ሕንፃዎች የመጨረሻ ፎቃቸውን «ፔንትሃውስ» እያሉ ነው የሚያቀርቡት። ከሰሚት የረር፣ ከለቡ ፉሪ፣ ከጀሞ ወጨጫ በመስኮት ሙሉ ይታያል። ፒያሳና ካዛንቺስ በዚያው ገንዘብ የማይገኝ ስፋትና አየርም አለው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የመጨረሻ ፎቅ የሚገዛ ሰው ግን ከቤቱ ጋር ጣሪያውንም እየገዛ ነው፤ በወረቀት ባይገዛው እንኳ ጣጣውን ይገዛዋል። ዝናቡ፣ በረዶው፣ የቀትሩ ፀሐይ፣ የሊፍቱ ሞተር፣ የውሃው ታንከር፣ ሁሉም ያለው ከራሱ በላይ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከሳሎን ሳይሆን ከጣሪያ ይጀምር።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። ትክክለኛ ፔንትሃውስ ከታች ካሉት ፎቆች ገባ ብሎ የተሠራ፣ ዙሪያውን ወይም በከፊል የራሱ ክፍት ቴራስ ያለው ቤት ነው። በገበያው ላይ በዚህ ስም የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ከሥሩ ካለው ቤት ጋር አንድ ፕላን ያለው ተራ የመጨረሻ ፎቅ ነው። መጥፎ ቤት አይደለም፤ በፔንትሃውስ ዋጋ መሸጥ የለበትም እንጂ። አደገኛው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ በግንባታ ፈቃዱ ላይ የሌለ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ጣሪያው ላይ የተጨመረ ፎቅ። ፈቃዱ ጂ ፕላስ 9 የሚል ከሆነ፣ ቤዝመንቱን ትታችሁ ከምድር ቤቱ ጋር 10 ደረጃ መቆጠር አለበት። መንገድ ማዶ ቆማችሁ ቁጠሩ። 11 ከመጣ የሚሸጥላችሁ ቤት በሕግ ፊት የለም። ካርታ ማውጣት አይቻልም፣ ባንክ በመያዣነት አይቀበለውም፣ ኮለኖቹም ያን ክብደት ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ይህን ቆጠራ ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ደላላውን ከማግኘታችሁ በፊት አድርጉት።

መቼ ይታያል

ቤቱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ እዩት። አንዱ ክረምት ላይ ቢሆን ምንም አይተካውም፤ በተለይ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ሁለት ወር ዝናብ ጠጥቶ ሲጠግብ። ሻጭ የሚመርጠው ጥቅምትና ኅዳርን ነው፤ ግድግዳው ደርቆ፣ ቀለሙ ታድሶ፣ ሰማዩ ጠርቶ። በበጋ የምትገዙ ከሆነ ውሃውን ራሳችሁ ታመጣላችሁ፤ አደራረጉ ከታች አለ። ሁለተኛውን ጉብኝት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አድርጉት። ሶሌታው፣ ማለትም የጣሪያው ኮንክሪት፣ የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ክፍሉ መልቀቅ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሦስተኛው ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ይሁን፤ ሕንፃው ሙሉ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ሊፍቱም፣ ውሃውም፣ መብራቱም የሚፈተነው በዚያ ሰዓት ነው።

ጣሪያው

የጣሪያውን ቁልፍ ጠይቁ። «ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ ዛሬ የለም» ከተባላችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ጣሪያ ሳይታይ ቀብድ አይከፈልም።

ሶሌታ ብቻውን ውሃ አያግድም። ኮንክሪት ቀን ይሰፋል፣ ሌሊት ይኮማተራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ይከርራል፣ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ይህ መሳሳብ በየቀኑ ሲደጋገም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይወልዳል። ውሃውን የሚይዘው ከሶሌታው ላይ የሚነጠፈው የሬንጅ ሜምብሬን ነው። ደህና ሜምብሬን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ በጋዝ እሳት እየቀለጠ ይለጠፋል፣ አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይደረባል፣ ዙሪያውን ባለው አጥር ግድግዳ ላይም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይታጠፋል። ከላዩ ሊሾ፣ ንጣፍ ወይም የደቀቀ ጠጠር መልበስ አለበት። ራቁቱን ፀሐይ ላይ የተተወ ሜምብሬን እንደ ደረቀ ቆዳ ይሰነጣጠቃል።

የሚያፈሰው ሜዳው መሐል ላይ እምብዛም አይደለም። ወለሉ ከአጥሩ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ፣ ቱቦ ሶሌታውን በስቶ የሚወጣበትን ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዲሹን እግር እዩ። ነዋሪው ዲሽ ሲያስተክል ባለሙያው በድሪል አራት ቀዳዳ ይበሳል፣ ብሎን ያስራል፣ ይሄዳል። ሜምብሬኑ እዚያች ላይ አበቃ። ውሃው በብሎኑ ዙሪያ ገብቶ ከሊሾው ሥር ይጓዝና ከዲሹ ሦስትና አራት ሜትር ርቆ፣ በመኝታ ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ይወጣል። እድፉ የታየበትን ቦታ ከላይ ሲለጥፉ የሚውሉ ሰዎች የማይሳካላቸው ለዚህ ነው፤ ውሃ የገባበትና የወጣበት አንድ አይደለም። በብሎን የታሰረ ዲሽ ካያችሁ ቁጠሩት፣ ፎቶ አንሡት። ዲሽ በሲሚንቶ ብሎክ ላይ ታስሮ ያለምንም ቀዳዳ መቀመጥ ይችላል።

ከዚያ ተዳፋቱን ፈትሹ። ጣሪያ ወደ መውረጃው በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ሁለት ባልዲ ውሃ ከመውረጃው ርቃችሁ ድፉና እዩት። ውሃው ቆሞ ከቀረ ወይም ወደ ግድግዳው ከሄደ ሊሾው ተበላሽቷል። ደረቅ ቀን ላይ ደግሞ ክብ የጭቃ ምልክት ፈልጉ፤ ኩሬው የደረቀበት ቦታ ነው። መውረጃው ከአንድ በላይ፣ ስፋቱም 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ አንዲት ፌስታል ትበቃዋለች፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ በረዶው ራሱ ይደፍነዋል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢቆም 10 ቶን ነው። ስለዚህ በአጥሩ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ትርፍ ውሃ ወደ ውጭ የሚጥል ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። ይህን ቀዳዳ የሚረሳ ተቋራጭ ብዙ ነው።

በበጋ የምትገዙ ከሆነ የኩሬ ፈተና ጠይቁ። መውረጃዎቹ ይደፈናሉ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል፣ ከፍታው በእርሳስ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ ለ48 ሰዓት ይተዋል። ለ100 ካሬ ሜትር 5,000 ሊትር ይፈልጋል፤ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ይህን ያህል ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው፣ ወጪውን ከሻጩ ጋር ተካፈሉ። ፀሐይ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወስዳል። በሁለት ቀን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጎደለ ውሃው የሆነ ቦታ እየገባ ነው። ጠዋትና ማታ ከሥር ያለውን ጣሪያ በባትሪ እዩ። ሻጩ ይህን ፈተና በግልጽ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ጣሪያው ኢጋ ቆርቆሮ ከሆነ ፈተናው ይለያል። እዚህ የሚያስቸግረው አሸንዳው ነው፤ በተለይ ከአጥሩ ግድግዳ ጀርባ የተደበቀው። ጠባብ ከሆነ ሐምሌ ላይ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ ኮርኒሱ ላይ ይወርዳል። የምስማሮቹን ጎማ እዩ፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ቀዳዳው ተከፍቷል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ሙቀትና ድምፅ የሚያግድ ንጣፍ ከሌለ ቀን ያቃጥላል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፣ በረዶ ሲዘንብ ደግሞ ሳሎን ውስጥ መነጋገር አይቻልም።

ከጣሪያው ሥር

አሁን ግቡ። ጣሪያው በጂፕሰም ቦርድ ኮርኒስ የተሸፈነ ከሆነ የመብራቱን ቀዳዳ አንዱን አስነሥታችሁ በስልክ ባትሪ ሶሌታውን እዩት። ነጭ ዱቄት ወይም ጨው የመሰለ ነገር ካለ ውሃ አልፎበታል። ኮርኒሱ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ቀለበት ካለ ደግሞ የደረቀ ፍሳሽ ነው። ቀለበቱ ከሌለና አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ይበልጥ ተጠራጠሩ። በአውራ ጣት ጫን በሉት። ደረቅ ጂፕሰም እንደ እንጨት ይገፋችኋል፣ የራሰ ግን እንደ ዳቦ ይገባል። ቁም ሣጥን ክፈቱና አሽትቱ፤ የሻገተ ሽታ በቀለም አይሸፈንም።

ከሳሎን ወደ ቴራስ የሚወስደውን በር ልዩ ትኩረት ስጡት። የቴራሱ ወለል ከሳሎኑ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ነበረበት። ዲዛይን አማረ ተብሎ ሁለቱ እኩል ሲደረጉ፣ ዝናቡን ነፋስ ሲገፋው ውሃው በተንሸራታቹ በር ሐዲድ አልፎ ፓርኬው ሥር ይገባል። በሩ አጠገብ ያለው ፓርኬ ጠርዙ ከተነሣ ወይም በእግር ሲረገጥ ከጮኸ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ፓርኬ በመቀየር አይድንም፣ ወለሉ ራሱ ፈርሶ መስተካከል አለበት።

የአሉሚኒየም መስኮቶቹን በጎማ ውሃ ከውጭ 10 ደቂቃ አስረጩ፣ አንድ ሰው ከውስጥ ይቁም። በፍሬሙ ታች ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ውሃ ማስወጫ ናቸው። በሲልከን ከተደፈኑ ውሃው ወደ ቤት ነው የሚመለሰው። ከመጨረሻው ፎቅ በላይ ጥላ የሚሆን ነገር ስለሌለ ዝናብ በቀጥታ የሚመታው የእናንተን መስኮት ነው።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ሰኔ ላይ የቀትሩ ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ ታኅሣሥ ላይ በደቡብ በኩል ያልፋል። ደቡብ የሚያይ ሳሎን በብርዱ ወራት ሙቀት ያገኛል፤ ምዕራብ የሚያይ ትልቅ መስታወት ግን በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ የሚያስመርር ነው።

ውሃ

ታንከሩ ጣሪያ ላይ ስላለ ውሃ ቀድሞ የሚደርሰው ለመጨረሻው ፎቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ግፊት የሚመጣው ከከፍታ ልዩነት ነው፤ 10 ሜትር 1 ባር ይሰጣል። የታንከሩ ሥር ከሻወራችሁ 3 ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር አገኛችሁ ማለት ነው። ከእናንተ 9 ፎቅ በታች ያለው ጎረቤት በዚያው ታንከር 3 ባር ሲያገኝ የእናንተ ሻወር ያንጠባጥባል፣ ማሞቂያውም አልነሣ ይላል። መፍትሔው ከታንከሩ ሥር የሚገጠም የግፊት ፓምፕ ነው። መኖሩን ጠይቁ፣ ካለም ጄኔሬተሩ እንደሚያስነሣው አረጋግጡ። ያለበለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃም ይጠፋባችኋል።

መለኪያው ቀላል ነው። 10 ሊትር ባልዲ ሻወሩ ሥር አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሞላ ደህና ነው፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ከወሰደ ደካማ ነው። ይህን ምሽት ላይ አድርጉት።

ቀጥሎ ፈረቃውን አጣሩ። ሻጩን ሳይሆን ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ከሥር ያለውን ባለሱቅ ጠይቁ፤ ውሃ የሚመጣበትን ቀን በቃላቸው ያውቁታል። አራት ሰው ያለበት ቤት በሰው 100 ሊትር ቢጠቀም በቀን 400 ሊትር ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ለአምስቱ ቀን 2,000 ሊትር ያስፈልገዋል፤ 30 ቤት ያለው ሕንፃ የምድሩንና የጣሪያውን ታንከር ደምሮ 60,000 ሊትር መያዝ አለበት ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ሦስት ሮቶ ብቻ ካያችሁና የምድር ታንከር ከሌለ ሂሳቡ አልሞላም።

መብራት፣ ሊፍት፣ ጄኔሬተር

ቆጣሪው የማን ነው? ቤቱ የራሱ ካርድ ቆጣሪ ከሌለውና ሕንፃው እስካሁን ለግንባታ በገባው መስመር የሚጠቀም ከሆነ መብራቱ የጋራ ነው፤ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ይወርዳል። ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል፣ የውሃ ማሞቂያ ደግሞ 2። በ220 ቮልት የተገጠመ 25 አምፔር ማብሪያ 5.5 ኪሎ ዋት ነው የሚችለው። ሁለቱ አብረው ከበሩ ጫፉ ላይ ደርሷል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከተጨመረ ይዘጋል። የፔንትሃውስ ዋጋ ለሚከፈልበት ቤት የሦስት ፌዝ መስመር መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ሊፍት ለሌላው ነዋሪ ምቾት ነው፣ ለእናንተ ግን መንገድ ነው። አምስት ጊዜ ውጡ ውረዱ። ሊፍቱ ሲቆም ወለሉ ከፎቁ ወለል ጋር ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተበላለጠ ማስተካከያ አጥቷል። የጥገና ውል መኖሩን፣ መጨረሻ መቼ እንደታየ በወረቀት ጠይቁ። ከዚያ ዋናውን መብራት አስጠፍታችሁ ሰዓት ያዙ። ጄኔሬተሩ ስንት ሴኮንድ ቆይቶ ይነሣል? ሊፍቱን ያነሣል ወይስ የኮሪደር አምፖል ብቻ? ነዳጁን ማን ይከፍላል? በጄኔሬተሩ ላይ የተጻፈውን አቅም እንዳለ አትመኑት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከአቅሙ አምስተኛ ያህሉን ሊያጣ ይችላል።

የሊፍቱ ሞተር ክፍል ከመኝታ ቤት በላይ ወይም ጎን ከሆነ ማታ ጆሯችሁን ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ስሙ። ድምፁ በኮንክሪት ውስጥ ስለሚሄድ መስኮት በመዝጋት አይቀንስም። የቴሌኮም አንቴና ጣሪያው ላይ ተተክሎ ከሆነ ደግሞ ኪራዩን ማን እንደሚቀበልና ባለሙያዎቹ በየት በኩል እንደሚወጡ ጠይቁ፤ በእናንተ ቴራስ ከሆነ ቴራሱ የእናንተ ብቻ አይደለም።

ስንጥቅና ክብደት

በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ የሚወዛወዘው ደግሞ የሕንፃው አናት ነው። በብሎኬት ግድግዳና በኮለን መገናኛ ላይ ቀጥ ብላ የምትወርድ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ አታስጨንቅም፤ ሁለቱ የተለያየ ነገር ስለሆኑና ልስኑ ሥር ወንፊት ሽቦ ስላልገባ ነው። ግድግዳውን ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ የምትሄድ፣ በተለይም የመስቀል ቅርጽ የምትሠራ ስንጥቅ ግን ሌላ ናት። ኮለን ወይም ቢም ላይ ያለች ማንኛዋም ስንጥቅ መሐንዲስ ሳያያት አትታለፍ። የባንክ ካርድ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ጠርዙ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ መሐንዲስ ጥሩ። ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ጀሶ በላዩ ለጥፋችሁ ቀን ጻፉበት። ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ሕንፃው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ወደ ምድርም ውረዱ፤ ሰሚትና አቃቂ አካባቢ መሬቱ ዋልካ ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የሕንፃው ዙሪያ ንጣፍ ከግድግዳው ተላቆ ከታየ ስለ መሠረቱ ጠይቁ።

ቴራሱ ላይ አትክልት፣ ገንዳ፣ ተጨማሪ ሮቶ የምታስቡ ከሆነ ሂሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። የመኖሪያ ቤት ወለል በአብዛኛው የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ጭነት ታስቦ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የራሰ አፈር በካሬ ከ500 ኪሎ ያልፋል። 3,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 3 ቶን ነው፤ በኮለን ወይም በቢም ላይ ካልሆነ ሶሌታው መሐል ላይ አይቀመጥም። ጽጌረዳና ጤናዳም በድስት መትከል ይቻላል፣ ግድግዳውን ተጠግቶ።

ስፋትና እይታ

«220 ካሬ» ሲባል ምኑ ነው 220? የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ፣ የግድግዳው ውፍረት፣ ቴራሱ ሁሉ ተደምሮ ሊሆን ይችላል። ሜትር ይዛችሁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩ፣ ቴራሱን ለብቻ ጻፉ። ውስጡ 140፣ ቴራሱ 45 ከወጣ ዋጋውን ለ140 አካፍላችሁ ከጎረቤት ሕንፃ ጋር አወዳድሩ፤ ቴራስ ግድግዳም ጣሪያም ስለሌለው በሙሉ ዋጋ ሊቆጠር አይገባም። እይታውን በተመለከተ፣ ከፊታችሁ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ስንት ፎቅ እንደተፈቀደ በክፍለ ከተማው የፕላን መረጃ ጠይቁ። የረር ቦታውን አይለቅም፣ ከፊቱ የሚቆመው ሕንፃ ነው የሚያሳስበው።

ወረቀቱ

በከተማው ዳር የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣራው ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ነው። በአብዛኛው አያትና ሰሚት ለሚ ኩራ፣ ለቡና ጀሞ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ቱሉ ዲምቱ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ናቸው። ከአያት ጥቂት አለፍ ብሎ ያለው ለገጣፎ ግን በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ ነው፤ ፋይሉ ያለው እዚያ ነው፣ ሰነዱም በአፋን ኦሮሞ ነው። ማስታወቂያው «አያት» ቢልም ካርታው የሚለውን እመኑ።

ካርታውን ፎቶ ኮፒ ተቀብላችሁ በይዞታ ጽሕፈት ቤቱ ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ፣ የዕዳና እገዳ ማጣሪያም አውጡ። የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ የሊዝ ውዝፍ የሚገኘው እዚያ ነው። ከአልሚ የምትገዙ ከሆነ መሬቱ በብድር ተይዞ እንደሆነ ጠይቁ፤ ተይዞ ከሆነ ባንኩ የእናንተን ቤት ነጥሎ የሚለቅበት ደብዳቤ ይቅረብ። የግንባታ ፈቃዱን፣ የጸደቀውን ፕላንና የመጠቀሚያ ፈቃዱን አብራችሁ እዩ። ፕላኑ ላይ የመጨረሻው ፎቅ «የልብስ ማጠቢያና ማስጫ» ተብሎ ከተጻፈ የምትገዙት ልብስ ማስጫ ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚለውን በግልጽ መያዝ አለበት፤ ጠቅላላ ውክልና ቤት አይሸጥም። አለመሻሩንም ከሰጠው ቢሮ አረጋግጡ። የመንግሥት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የአምስት ዓመቱ የመሸጥ እገዳ ማለፉን እዩ።

አሁን የጣሪያው ባለቤትነት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የእያንዳንዱን ቤትና የጋራውን ክፍል ይለያል። ቴራሱ በሕንፃው መግለጫ ላይ የእናንተ ቤት አካል ተብሎ ካልተመዘገበ የጋራ ነው፤ ሻጩ ለአሥር ዓመት ብቻውን ቢጠቀምበትም፣ በር ቢገጥምበትም። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ሊቀ መንበር አግኙና ሁለት ነገር በደብዳቤ ጠይቁ፤ ቴራሱን የመጠቀም መብት የማን ነው፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግነው ማን ነው። «ሁላችንም እናዋጣለን» የሚል የቃል መልስ ሐምሌ ላይ አይገኝም፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰው ውሃው እሱ ጋ አይደርስም። በመተዳደሪያ ደንቡ ወይም በቃለ ጉባኤ ተጽፎ እዩት።

ውሉና ክፍያው

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የቀብድ ውሉን ጻፉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ «የዕዳና እገዳ ማጣሪያው ወይም የኩሬ ፈተናው ጉድለት ካሳየ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ሐረግ ካልገባ ጣሪያው ቢያፈስም ገንዘባችሁን ልታጡ ትችላላችሁ።

ዋናው ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል። በአንቀጽ 1723 ይህ ግዴታ ነው፤ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ቤት አያስተላልፍም። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው፤ ሌሎች የስም ማዞሪያ ክፍያዎችም አሉ። ቢሮው የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ አያዋጣም፣ ክርክር ቢነሣም የምታስመልሱት የተጻፈውን ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ላይ ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ የተጣለው 15 በመቶ የሻጩ ነው፤ ማን ምን እንደሚከፍል አንድ በአንድ ይጻፍ። የደላላው ክፍያም እንደዚሁ፤ ስንት በመቶ፣ ከማን፣ መቼ።

ክፍያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን፣ በሦስት ክፍል። የመጀመሪያው ውል ሲፈረም፣ ዋናው ካርታው በስማችሁ ሲዞር፣ የመጨረሻው 5 በመቶ ደግሞ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 30። ሻጮች በዚህኛው ላይ ይከራከራሉ፤ ጣሪያውን የሚያምን ሻጭ ግን ይስማማል፣ ካልተስማማም በዚያው ልክ ዋጋ እንዲቀንስ ጠይቁ። ግንቦት ላይ መውረጃዎቹን ጥረጉ፣ አሸንዳውን አራግፉ፣ የኮርኒሱን ጥጎች ፎቶ አንሥታችሁ ቀኑን መዝግቡ። ከሰኔ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ እነዚያኑ ጥጎች እንደገና አንሡ። እድፍ ከታየ በዚያው ሳምንት ለሻጩም ለማኅበሩም በጽሑፍ አሳውቁና ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው ቅጂው ላይ እንዲፈርም አድርጉ።